ከላሟ የጀመረ ጸሎት

ለምወድህ ልጄ ለኖርማን፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእናትህ ሰላምታ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል ልጄ? ጤናህስ? ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምህ ጉልበትህ ተሻለው ወይ? አክስትህ ክሪስቲና፣ እኛ ዘንድ በጋ ሲገባ እናንተ ዘንድ ክረምት ነው ብላ ከጻፈችልኝ ወዲህ፣ እዚህ ፀሐይ በወጣች ቁጥር አንተ እዚያ በረደህ እያልኩ መሳቀቅ ሆኗል ሥራዬ። የላክሁልህን የሱፍ ካልሲ ልበሰው እንጂ ለክት ብለህ ሣጥን ውስጥ አታኑረው። በጎቹስ ደህና ናቸው? የምትጠብቁትን በግ ብዛት ለአባትህ ባነበብኩለት ጊዜ «ያን ሁሉ በግ ማን ስም ያወጣለታል?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ጆሮው ደከም ብሏል፤ የሚፈልገውን ነገር ሲሆን ግን ከጓሮ ሆኖ ይሰማል። እህትህ ኢሽቤል የሽመናውን ሥራ ቀጥላለች፤ ባለፈው ወር ሁለት ጥቅል ጨርቅ ጨርሳ አስረከበች። ድንቹ በቅሏል። ዝናቡም እንደ ወትሮው ነው፤ ከኛ ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ከጀመርኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እጄ ለብዕር እንዳልተፈጠረ ታውቃለህ፤ ቶሎ ስጽፍ ፊደሉ ይሸሸኛል፣ ቀስ ስል ደግሞ ሐሳቡ ይጠፋብኛል። አንተም ቀስ ብለህ አንብብልኝ። የምጽፍልህ ስለ ሮደሪክ ነው። ስሙን እንዳየህ ወረቀቱን እሳት ውስጥ እንዳትወረውረው በጡቴ ይሁንብህ። እስከ መጨረሻው አንብበህ፣ ከዚያ ያሻህን አድርገው።

የምታውቀውን ነገር መልሼ ብጽፍልህ አይግረምህ፤ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ካላየሁት ከሆዴ አይወጣም። በዚያ የኦገስት ቀን፣ እንደ እንጨት የምናነደውን፣ ከረግረጉ ተቆርጦ የደረቀውን የማገዶ አፈር ወደ ቤት ስናስገባ፣ ጎረቤታችን ሮደሪክ አዲሱን ትራክተሩን ከነተሳቢው ይዞ ሊያግዘን መጣ። ወንድምህ ኢቫንደር ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አንተ ከተሳቢው ኋላ በእግርህ ትከተል ነበር፤ ሮደሪክም ኢቫንደርን «ና ውጣ ጭነቱ ላይ! እግርህን የሚያደክመው ምን አለ?» ሲለው በጆሮህ ሰማህ። ቦዩ ዘንድ ሲደርሱ ተሳቢው ተገለበጠ። መርማሪው መጥቶ በጠየቀ ጊዜ ግን ሮደሪክ «እኔ ውጣ አላልኩትም፤ ተው እያልኩት በራሱ ዘሎ ወጣ» አለ። አንተ የሰማኸውን ተናገርክ። ሰውም «የወንድሙ ሐዘን ነው የሚያናግረው፤ ሮደሪክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር የሚያነሣ ሰው ነው፣ እንዴት ይዋሻል?» አለ። አንዱን ልጄን አፈር አለበስኩት፤ ሌላው ልጄ ውሸታም ተብሎ፣ ያ ሰው ያለበትን አገር ዳግመኛ አልረግጥም ብሎ መርከብ ተሳፈረ።

እስከዚህ ያለውን ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ እኔ ምን እንደሆንኩ ግን አታውቅም፤ በደብዳቤዬ ሁሉ ደብቄሃለሁና።

ጠላሁት። የኔንና የሱን ቤት የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው፤ ጠዋት ከጭስ ማውጫው ጭስ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ጀርባዬን ለመስኮቱ እሰጣለሁ። ሰንበት ሰንበት ሮደሪክ ቆሞ የመዝሙሩን መስመር ያነሣል፣ ሕዝቡም ተከትሎ ይቀበለዋል፤ እኔ ግን አፌን ገጥሜ እቀመጣለሁ። ከሱ አፍ የወጣውን መስመር በኔ አፍ ልቀበል? ቤቴ ስጸልይም፣ በደላችንን ይቅር እንዲለን የምንለምንባት ቦታ ስደርስ፣ እንደ ጉድጓድ ዘልያት አልፋለሁ። ጌታ አያስተውለኝም ብዬ ይሆን እንዴ?

ከሁሉ የባሰውን ልንገርህ። በዓመት ሁለቴ ለጌታ ማዕድ በምንሰበሰብበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ያችን ወደ ማዕዱ የምታስገባ፣ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራች ምልክት ለሚቆርቡት ሲያድል እጄን አልዘረጋም። አምስት ጊዜ እንዲህ አለፈኝ። መቼም የኛን ሰው ታውቀዋለህ፤ ከማዕዱ የቀረ ሰው ሲያይ «ምን ያህል ቢፈራ ነው እግዚአብሔርን!» ይላል። ሴቶቹም ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጄን እየያዙ «አይ ኤፊ! ሐዘኑ እንኳ ትሕትና ጨመረልሽ፤ እኛ ድፍረታችን» ይሉኝ ነበር። አልበቃም ብዬ አልነበረም እኮ የቀረሁት፤ ከሱ ጋር ካንድ ጽዋ አልጠጣም ብዬ ነው። ጥላቻዬን እንደ ነጭ ሻሽ ተከናንቤው ስሄድ ሰው ሁሉ ንጽሕና መሰለው፤ እኔም አልገለጥኩትም።

የገለጠችው ካትሪና ናት። አሮጊቷን ካትሪናን ታስታውሳታለህ፤ ዘጠና ዓመቷን አልፋ አሁን ከአልጋዋ አትወርድም፤ ምላሷ ግን ገና ሃያ ዓመቱ ነው። በማርች ወር የማዕዱ ሳምንት ላይ ሾርባ ይዤላት ብሄድ፣ ሾርባውን ተወችና ዓይኗን ተከለችብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮም ልትቀሪ ነው?» አለችኝ። እንደለመድኩት አንገቴን ደፍቼ «አልበቃሁም» አልኳት። «ውሸትሽን ነው! ማዕዱን አይደለም የፈራሽው፤ ማዕዱ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ነው። ለሰው ሁሉ ንገሪው፣ ለኔ ግን አትንገሪኝ፤ እኔም ባንድ ወቅት በዚያው ሻሽ ተከናንቤ አውቃለሁ» አለች። ልጄ፣ ማንኪያውን አስቀምጬ አለቀስኩ።

አልቅሼ ሲወጣልኝ «ጸልዪለት» አለችኝ። «አልችልም» አልኳት። «እሺ፣ ለሚስቱ ለዶሊና ጸልዪ» አለች። «ያን ቤት በጸሎት መጥራት አልችልም፣ ካትሪና፤ አፌ ይደርቃል» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ላም የላቸውም?» አለችኝ። «አለቻቸው፤ ቦቃዋ» አልኳት። «ላሚቱ ምን አድርጋሻለች?» «ምንም።» «በይ ለላሚቱ ጸልዪ። አሁን ሾርባዬን አቀብይኝ፣ ቀዘቀዘ።»

ቤቴ ገብቼ ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ የሮደሪክን ላም ጠብቃት» አልኩ። ብዬ ሳልጨርስ ሳቅ መጣብኝ። ኢቫንደር ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደንግጬ አፌን ያዝኩ። በማግስቱም ያንኑ ጸለይኩ፤ ሳሩን አብዛላት፣ ወተቷን ባርክላት እያልኩ። ወደ ሁለት ሳምንት ከላሟ አላለፍኩም። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ይቺን ላም የሚያልባት ማን ነው የሚል ነገር መጣብኝ። ዶሊና ናት፤ ጣቶቿ በቁርጥማት ተጣመዋል። ላሟ ወተት እንዲበዛላት ለምኜ፣ የምታልበው እጅ ጤና እንዲያጣ መተው ነገሩ አልገጥም አለኝ። ዶሊናም ጸሎቴ ውስጥ ገባች። ከዶሊና ቀጥሎ ያለው ማን እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ።

የሱን ስም ስጠራ ጥርሴ ይፋጭ ነበር። አንዳንድ ቀን «ጌታ ሆይ፣ ሮደሪክን ደግሞ... አንተ ታውቃለህ» ብዬ አቆማለሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ ጌታም እኔም እናውቃለን። አንዳንድ ቀን ደግሞ መንበርከኩ ራሱ ያስፈራኝ ነበር፤ ለሱ ስጸልይ ኢቫንደርን የከዳሁት፣ አንተንም በዚያ በሩቅ አገር የተውኩህ ይመስለኝና ከጉልበቴ ተነሥቼ እወጣለሁ። እንዲህ ስወድቅ ስነሣ ኤፕሪል አለቀ። አንድ ቀን ጸልዬ ስነሣ ግን፣ ሰው ኪሱ ውስጥ ቁልፉን እንደሚፈልግ ቁጣዬን ብፈልገው አጣሁት። ጭሳቸውም ከማዶ ይወጣ ነበር። ጭስ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ከዚያ የማገዶው መቁረጫ ወር መጣ። ሮደሪክ ከአደጋው በኋላ ትራክተሩን ሸጦ፣ ለማንም ሰው የማገዶ ደቦ መሄድ ትቶ ነበር። ለሰው ደቦ ያልሄደ፣ የሱ ቀን ሲደርስ ማንም አይመጣለትም። ሰው ኩራት ነው አለ፤ እኔ አሁን ኩራት እንዳልነበረ አውቃለሁ። በሜይ ሁለተኛ ሳምንት እኔና አባትህ ከኛ ረግረግ ላይ ሆነን ስናይ፣ ሮደሪክ ብቻውን ይቆርጣል። ያ ሥራ ለሁለት ሰው መሆኑን መቼም አትረሳውም፤ አንዱ ከላይ ቆሞ በብረቱ ይቆርጣል፣ ሌላው ከታች ቦዩ ውስጥ ሆኖ እርጥቡን ተቀብሎ ወደ ሳሩ ይወረውራል። እሱ ግን አንድ ይቆርጥና ብረቱን አስቀምጦ ወደ ቦዩ ይዘላል፣ ይወረውራል፣ ደግሞ ተንጠላጥሎ ይወጣል። አባትህ አይቶት «ሰውዬው ቁንጫ ሆነ እንዴ?» አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እጄን በሽርጤ ጠረግሁና መሄድ ጀመርኩ።

«ወዴት ነው?» አለኝ አባትህ። «ወደ ማገዶው» አልኩት። «የኛ ማገዶ እኮ እዚህ ነው ያለው።» «አውቃለሁ።» «ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽ እንደሆነ ይገባሻል?» «አይገባኝም» አልኩት፤ እውነቴን ነበር።

ሄጄ ቦዩ ውስጥ ወረድኩ። ሮደሪክ ከላይ ቀና ሲል አየኝ፤ ብረቱ እጁ ላይ ቆመ። «ኤፊ...» አለ። «ቁረጥ» አልኩት። ቆረጠ። የመጀመሪያው ቁራጭ እጄ ላይ ወደቀ፤ እርጥብ፣ ከባድ፣ ገና እንደተወለደ ሕፃን የሚያዳልጥ። ወረወርኩት። ሌላ ቆረጠ። ለኔ አዝኖ ስስ ስስ አድርጎ ሲቆርጥልኝ ባይ ተናደድኩና «ለሕፃን ዳቦ የምትቆርስ መሰለህ? ወፈር አድርገው!» ብዬ ጮኽኩበት። እሱም ወፈር አደረገው። ለብዙ ሰዓት እንዲህ ሠራን፤ ከላይ ሲሰጠኝ፣ ከታች ስቀበለው፣ ፊቱን ያን ያህል ከቅርብ አይቼው አላውቅም። አርጅቷል ልጄ። ከአባትህ አሥር ዓመት የሚያንሰው ሰውዬ ከአባትህ በልጦ አርጅቷል።

ወደ እኩለ ቀን ብረቱን ተከለና ሳያየኝ «እኔ ነኝ ውጣ ያልኩት» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ኖርማን ነግሮኛል፤ ልጄ አይዋሽም።» ያኔ ቁጭ አለ። ፈርቶ እንደዋሸ፣ አንዴ ከዋሸ በኋላ መመለሻው እንደጠፋው፣ መዝሙር ባነሣ ቁጥር ወደኛ ወንበር ሲያይ አፌ ተዘግቶ እንደሚያገኘው ነገረኝ። «ያ የተዘጋ አፍሽ ሌሊትም ቀንም ይጮኽብኛል» አለኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ፊት የለኝም አለ። እኔም «ይቅርታውን ይዤልህ መጥቻለሁ፤ ከማርች ጀምሮ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ከላምህ ነው የጀመርኩት» አልኩት። «ከላሜ?» አለ። «ከቦቃዋ» አልኩት። ሲስቅ አየሁት፤ ከሳቁ ጋር ልቅሶው አብሮ ወጣ። እኔም አለቀስኩ፤ ሁለታችንም ጭቃ በጭቃ ሆነን።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ነገርኩት። «የኔን ይቅር ብያለሁ። የኖርማንን ስም ግን እኔ ላጥብ አልችልም፤ ያቆሸሸው ይጠበው። የዋሸኸው ሰው ፊት ነው፣ እውነቱንም ሰው ፊት ተናገር» አልኩት። በዚህ መሐል የእግር ኮቴ ሰማሁና ዞር ብል አባትህ ነው፤ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አንጠልጥሎ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ሦስት ኩባያ ይዞ። ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ፣ ለሦስታችንም ቀዳ። ጠጥቶ ሲጨርስ «ቦዩ ጠማማ ነው» አለ ለሮደሪክ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ያ ነው።

ሮደሪክ ቃሉን ጠበቀ። በመጀመሪያ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎም ወደ ከተማ ሄዶ ለመርማሪዎቹ ቃሉን ሰጠ፤ እነሱም ተቀብለውታል፣ የሚሆነውን እንጠብቃለን። ረቡዕ ለጸሎት በተሰበሰብንበት ደግሞ ቆቡን በእጁ ይዞ ተነሥቶ «ኖርማን የተናገረው እውነት ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጁን ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። እኔም ተነሥቼ ስለ ሻሼ፣ ማለት ስለ ትሕትናዬ፣ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሰው ሁሉ የሱን ኃጢአት ሲያይ የኔን ንጽሕና እያሰበ እንዲሄድ አልፈለግሁም። በማግስቱ ያኔ አንተን ውሸታም ያለህ ባለ ሱቁ ደጃፋችን መጥቶ ቆቡን በእጁ ያሽከረክር ጀመር። አባትህ ጥቂት አየውና «ግባ፣ ቆቡን ግን ተወው፤ እኔን ነው የሚያዞረኝ» አለው።

ሮደሪክ መዝሙር ማንሣቱን ትቷል፤ ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ተቀመጥ ብለውታል። በሱ ምትክ የሚያነሣው ፊንሌ ነው። አይ ፊንሌ! ድምፁ ዘይት ያጣ በር ነው፤ ከፍ ሲል ብቻውን ይቀራል፣ ዝቅ ሲል ሁላችንንም ይዞን ይሰምጣል። እኔ ግን ከሱ ጋር እየጠፋሁም ቢሆን አፌን ከፍቼ ዘመርኩ። ሮደሪክም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ እንደ ማንም ሰው ሲቀበል ሰማሁት። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ራሱ ገረመኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለቀ እንዳይመስልህ። አንዳንድ ቀን የኢቫንደርን ጫማ ከበሩ ኋላ ሳይ ያ የድሮው እሳት ይመለሳል። ያን ጊዜ እንደገና ከላሟ እጀምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሮደሪክ ከካቡ ማዶ ሲያስል ሰማሁና ማር ይዤ ወጣሁ፤ ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ የገባኝ ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ልቤም አልተከራከረኝም። ጌታ ጠላትን ውደዱ ያለው ይህን ይሆን እንዴ ብዬ እዚያው መንገድ ላይ ቆምኩ። እኔ ከባድ ነገር መስሎኝ ነበር። ከባድም ነበር፤ ግን ተሸክሞ ያደረሰኝ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሮደሪክ ሊጽፍልህ ይፈልጋል፤ አድራሻህን ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም። አድራሻው ያንተ ነው፤ እኔ ይቅር ስላልኩ አንተን በኔ ይቅርታ ላስርህ አልችልም። እኔ ጭሱን በየቀኑ እያየሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሱ ጋር ተቀምጬ፣ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንተን በአንድ ደብዳቤ ይቅር በል አልልህም። ስጪው ብለህ ከጻፍክልኝ እሰጠዋለሁ። አትስጪው ካልክም፣ አልሰጠውም፤ ከእናትህ ልብ ውስጥ አንድ ጣት ያህል አትርቅም። እኔ ስለ አንተም ስለ እሱም እጸልያለሁ፤ በአንድ ጸሎት ውስጥ ሁለታችሁንም ስጠራ አሁን አፌ አይደርቅም።

ብቻ ይህን እወቅልኝ። ከዚህ አገር ስትወጣ ቃልህ የተጣለብህ ሰው ሆነህ ነው የወጣኸው። ያ ቃል ዛሬ ተነሥቷል። ብትመጣም ብትቀርም አሁን በራስህ ፈቃድ ነው፤ የሚያባርርህ ነገር የለም። ይህን መጻፍ በመቻሌ ምን ያህል እንደቀለለኝ ልነግርህ አልችልም፤ ትናንት የበፊቱን ገጽ ስጨርስ ወጥቼ ካቡ ላይ ተቀምጬ ነፋሱን ተነፈስኩት።

አክስትህን ክሪስቲናን እቀፍልኝ፤ የላከችው የልብስ መስፊያ ክር ደርሶኛል በላት። ባሏን አሌክን ሰላም በልልኝ፤ ወገቡን ይጠንቀቅ። ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሞራግንና ትንሿን ጄሲን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ኢሽቤል በጣም ናፍቀሃታል፤ ካንተ ጋር ስለ አንድ ጎረምሳ ጉዳይ የምታወራው እንዳለ ብቻ ንገሪው ብላኛለች፣ እኔ ግን ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ካትሪና «ገና አልሞትኩም በይው» ብላሃለች። አባትህ ሰላም ይልሃል። ምን ልጻፍልህ ብዬ ብጠይቀው እንዲህ በይው አለኝ፦ «አሁን ሰው ሁሉ ኖርማን እውነት እንደተናገረ አወቀ። እኔ ግን ያኔውኑ፣ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።»

የምትወድህ እናትህ
ኤፊ

ሆርሻደር መንደር፣ ሉዊስ ደሴት
ጁን 10 ቀን 1958